አልከፈት ያለው ፋይል

የሠርግ መጥሪያ፣ የተማሪ ምስክር ወረቀት፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የማኅበር ደረሰኝ። በኢትዮጵያ ከተሞች የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሲያወጧቸው ከኖሩት ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በማይክሮሶፍት ፐብሊሸር ነው። ፕሮግራሙ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አሁን ግን ዘመኑ እያበቃ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2026 በኋላ ድጋፉን እንደሚያቆም፣ የማይክሮሶፍት 365 ደንበኞችም ከዚያ ወዲያ የፐብሊሸር ፋይል መክፈትም ሆነ ማረም እንደማይችሉ አስታውቋል። የሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ዎርድ ቀይሩ።

ይህን ምክር የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ጉግል ላይ ገብቶ «ፐብሊሸርን ወደ ፒዲኤፍ በነጻ» ብሎ ይፈልጋል፤ በሴኮንድ ውስጥ ደርዘን ድረ ገጾች ይደረደሩለታል። ፋይሉን ጎትቶ ይጥላል፣ አንድ አዝራር ይጫናል፣ ትንሽ ጠብቆ የተቀየረውን ያወርዳል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ የወጣው ነገር ሳጥን ሳጥን የሆነ ፊደል፣ ቦታውን የሳተ ሥዕል ወይም ጭራሽ ባዶ ገጽ ይሆናል። ለምን አንዱ ሠምሮ ሌላው እንደሚበላሽ ለማወቅ ከአዝራሩ ጀርባ ምን እንደሚካሄድ ማየት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው አገልግሎት አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሁለት ወንድማማቾች ዛምዛርን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። መቀመጫውን ሙኒክ ያደረገው የጀርመኑ ክላውድኮንቨርት ከ200 በላይ ፎርማቶችን እቀበላለሁ ይላል። ከስማቸው በስተጀርባ ያለው ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ላብ ነው፤ ያውም በነጻ የተሰጠ። ለድምፅና ለቪዲዮ ኤፍኤፍኤምፔግ አለ፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ነው። ለፎቶ ኢሜጅማጂክ፣ ለጽሑፍ ሰነድ ሊብሬኦፊስ አለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ መቀየሪያ ድረ ገጾች እነዚህን ፕሮግራሞች በሰርቨር ላይ አስቀምጠው ተጠቃሚው የላከላቸውን ፋይል ያሳልፉባቸዋል። ሊብሬኦፊስን በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው በብዙ ሁኔታ ድረ ገጹ የሚሠራለትን ያንኑ ሥራ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ብርቅ የሆኑ ፎርማቶችን በተመለከተ ባለውለታው ሰነድ ነጻ አውጪ ልንለው የምንችለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሊብሬኦፊስ ሰዎች አካባቢ ይፋ የሆነው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው። ዓላማው ባለቤቱ ኩባንያ ትቶት የሄደን ወይም ምሥጢሩን ደብቆ የያዘውን ፎርማት እየፈቱ መክፈቻ መሥራት ነው። ፐብሊሸርን፣ ማይክሮሶፍት ወርክስን፣ ወርድፐርፌክትን፣ ኮረልድሮውን፣ ፔጅሜከርን እና ሌሎችንም አንብቦ የሚያስረዳ ኮድ በዚያ ተሰባስቧል። ሥራው አድካሚ ነው። አንድን ሰነድ በአሮጌው ፕሮግራም ይከፍታሉ፣ አንዲት ቃል ብቻ ያደምቃሉ፣ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ፋይል ባይት በባይት እያስተያዩ የቷ ቁጥር እንደተለወጠች ይፈልጋሉ።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ልዩ ቦታ ያለው ፔጅሜከር ነው። አልደስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ አወጣው፤ አዶቢ በ1994 አልደስን ጠቅልሎ ወሰደው፤ የመጨረሻው ሰባተኛው እትም በ2001 ወጣ፤ በ2004 እድገቱ ቆመ። በአዲስ አበባ ግን ፔጅሜከር ከሞተ በኋላም ኖሯል። ማተሚያ ቤቶችና የገጽ አቀናባሪዎች መጽሐፍ፣ ጋዜጣና መጽሔት ለዓመታት ሲያቀናብሩበት ቆይተዋል። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት መጽሐፍ ያሳተመ ደራሲ ዛሬ ሁለተኛ እትም ላውጣ ቢል እጁ ላይ የሚያገኘው በሲዲ የተቀመጠ የፔጅሜከር ፋይል ሊሆን ይችላል። የቆዩ የኢንዲዛይን እትሞች ይከፍቱት ነበር፤ አዳዲሶቹ አይከፍቱትም። ሊብሬኦፊስ ድሮው ግን ከ4.4 እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የፔጅሜከርን ፋይል ያነባል። ገጹ ድሮ እንደነበረው ቅንብሩን ጠብቆ አይመጣም፤ ጽሑፉና ሥዕሉ ግን ከመቃብር ይወጣሉ።

ፎርማት ሲባል ግን ስሙ ማለት አይደለም። የፋይል ስም መጨረሻ ላይ የምትገኘው አጭር መጠሪያ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑ፣ ጆንያ ላይ በከሰል የተጻፈ ጽሑፍ ናት። «ጤፍ» ተብሎ የተጻፈበት ጆንያ ውስጥ ገብስ ሊኖር ይችላል። ጽሑፉን አጥፍቶ «ስንዴ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ገብሱን አይለውጠውም። ይሁን እንጂ በኢንተርኔት ካፌዎች ፋይል «ለመቀየር» በብዛት የሚሞከረው ይኸው ነው፤ ስሙን ማስተካከል።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ የአይፎን ፎቶ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አይኦኤስ 11 ጀምሮ ስልኮቹ ፎቶን ኤችኢአይሲ በተባለ ፎርማት እንዲያስቀምጡ አደረገ። ፎርማቱ ከጄፔግ ጋር ሲነጻጸር ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ በግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ከስልኩ ሲወጣ ነው። የዲቪ ሎተሪ መመሪያ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ጄፔግ የሆነ፣ ከ600 በ600 ፒክስል ያላነሰ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ፎቶ ነው። በአይፎን የተነሣውን ፎቶ ስሙን ብቻ ወደ ጄፔግ ለውጦ ለማስገባት የሞከረ ሰው ፋይሉ ለምን ተቀባይነት እንደማያገኝ ግራ ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ግን ስሙን ትቶ ውስጡን ያያል። እውነተኛ ጄፔግ ምንጊዜም በ255፣ 216፣ 255 ቁጥሮች ይጀምራል። ፒዲኤፍ የሚጀምረው በመቶኛ ምልክትና ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። ዚፕ ፋይል ደግሞ ፒ እና ኬ በሚሉት ይጀምራል፤ የፎርማቱ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሰውየው ካረፈ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን በየቀኑ በሚላኩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፋይሎች ራስጌ ላይ ተቀምጧል።

ለአይፎኑ ፎቶ መፍትሔው መቀየሪያ ድረ ገጽ ፍለጋ ሳይኬድም ቅርብ ነው። ስልኩ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ተብሎ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለው ከተመረጠ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ሁሉ ጄፔግ ይሆናሉ። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ መላክም ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፤ ነገር ግን አጥብቦና አሳንሶ ስለሚልክ ለኅትመት ለሚፈለግ ፎቶ አይመከርም።

ዚፕን ማወቅ ሌላም በር ይከፍታል። አዲሱ የዎርድ ሰነድ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የኢፐብ መጽሐፍ፣ ሁሉም በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። ከሠላሳ ፎቶ ጋር የተላከን የዎርድ ሰነድ ስሙን ወደ ዚፕ ቀይሮ የፈታ ሰው ፎቶዎቹን በአንድ አቃፊ ውስጥ ሰነዱ ውስጥ በተቀመጡበት ጥራት ያገኛቸዋል። እዚህ ላይ ስም መቀየር የሚሠራው እህሉን ስለለወጠ ሳይሆን ትክክለኛውን ስም ስለሰጠው ነው። ከአሜሪካ በማክ ኮምፒውተር ተጽፎ የተላከ የፔጅስ ሰነድ ዊንዶውስ ላይ አልከፈት ሲል ደግሞ አፕል ራሱ በነጻ የሚሰጠው የአይክላውድ ድረ ገጽ ይከፍተዋል፤ ከዚያም ወደ ዎርድ አድርጎ ያስወርዳል። ፎርማቱን የፈጠረው ኩባንያ ነጻ በር ከፍቶ እያለ ወደ ማይታወቅ ሦስተኛ ወገን መሄድ ትርጉም የለውም።

ስሙ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከተነሣ «ዳት» የሚለውን መጠሪያ የሚያህል የለም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ኢሜል የመጣ «ዊንሜይል ነጥብ ዳት» የተባለ አባሪ አውትሉክ በራሱ አጠቃቀል ያሰረው እሽግ ነው፤ ውስጡ ያለው የሚጠበቀው ደብዳቤ ወይም ፎርም ነው፣ የሚፈታውም ለዚሁ የተሠሩ ትንንሽ መፍቻዎች ናቸው። በአንድ የሠርግ ሲዲ ውስጥ የሚገኘው «ኤቪሴክ01 ነጥብ ዳት» ግን ቪዲዮ ነው። ሁለቱ ከመጠሪያቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ያ የሠርግ ሲዲ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 በፊሊፕስ፣ ሶኒና በጃፓን ጓደኞቻቸው የወጣ ደረጃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሴት ከቀረ በኋላ፣ ዲቪዲ ሳይስፋፋ በነበረው ጊዜ ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ድራማውም፣ መዝሙሩም በቪሲዲ ነበር። አንድ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሙሉ ሠርግ ሁለትና ሦስት ሲዲ ይፈልግ ነበር። የምስሉ ስፋት 352 በ288 ፒክስል ብቻ ነው፤ በዛሬ ስልክ መስታወት ላይ የጣት ጥፍር ያህል ቦታ ነው የሚሞላው። ቤተ ዘመድ ይህን ፋይል ስልክ ላይ ለማየት ሲፈልግ ወደ ኤምፒ4 መቀየር አለበት። አንዱ ፋይል ብቻውን ሰባትና ስምንት መቶ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ብዙዎቹ ነጻ መቀየሪያዎች የመጠን ገደብ አላቸው፤ በገደቡ ውስጥ ቢሆንም በሞባይል ዳታ ሰቅሎ መልሶ ማውረድ የፓኬጅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ይህ ሥራ በገዛ ኮምፒውተር በቪኤልሲ ወይም በኤፍኤፍኤምፔግ ቢሠራ ያምራል። ደግሞም ሳይዘገይ ነው መሠራት ያለበት። ቪሲዲ ብዙ ምስል ለመያዝ ሲል ዳታ ሲዲ ካለው የስሕተት ማረሚያ ከፊሉን ጥሏል፤ ስለዚህ ሌላ ሲዲ የሚታገሠው ጭረት የሠርጉን ቅጂ መሐል ላይ ያቆመዋል።

«ወደ ኤችዲ እንቀይራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ካሜራው ያልያዘውን የሙሽራዋን ጥልፍ የትኛውም መቀየሪያ መልሶ አያመጣውም። የፒክስሉን ቁጥር ማብዛት ይቻላል፤ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞችም የጎደለውን በግምት ይሞላሉ፤ ግምት ግን ግምት ነው። ድምፅም እንዲሁ። በድሮዎቹ የኖኪያ ስልኮች የተቀዳ የአያት ምርቃት ወይም የአባት ተረት አብዛኛውን ጊዜ ኤኤምአር በተባለ ፎርማት የተቀመጠ ነው። ይህ ፎርማት ለስልክ ንግግር የተሠራ በመሆኑ በሴኮንድ 8,000 ናሙና ብቻ ይወስዳል፤ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከ100 ኪሎባይት በታች ይይዛል። ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር መጠኑ እስከ አሥር እጥፍ ሊያብጥ ይችላል፤ ድምፁ ግን አንዲት ነጥብ አይጠራም። መቀየሩ የሚጠቅመው በዛሬ ስልክና በሬዲዮ ጣቢያ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈት ብቻ ነው። ዋናውን ፋይል መጣል ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ከመቶ ኪሎባይት ምን ይተርፋል?

በነጻ የሚገኝ መቀየሪያ ሁሉ በእርግጥ ነጻ አይደለም። ፋይሉን ወደ ድረ ገጹ መጫን ማለት ለማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ቅጂ መስጠት ማለት ነው። የታወቁት ኩባንያዎች ፋይሉን በሰዓታት ውስጥ እንሰርዛለን ይላሉ፤ ያልታወቁት ምንም አይሉም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ በነጻ መቀየሪያ ስም የሚሠሩ አጭበርባሪ ገጾች መበራከታቸውን አስጠንቅቋል። ገጾቹ የተጠየቁትን ሥራ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ተጠቃሚው ፒዲኤፉን አገኘሁ ብሎ ሲደሰት አብሮ የወረደው ተንኮለኛ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከሰቀለው ሰነድ ውስጥ ደግሞ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ መረጃና የይለፍ ቃል ይለቀማል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኞቹን የፓስፖርት ቅጂ «ፒዲኤፍ አሳንስ» ወደሚል ገጽ የሚሰቅል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ የሰዎችን የሕክምና ውጤት በዚያ መንገድ የሚያሳልፍ ጸሐፊ፣ የሌላ ሰውን ንብረት ነው አሳልፎ የሚሰጠው።

ፋይሉን ሳይሰቅሉ የሚሠሩ ድረ ገጾችም አሉ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ዌብአሴምብሊ የተባለው ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የድር ይፋዊ ደረጃ ከሆነ ወዲህ ከባድ ፕሮግራም እዚያው ብራውዘር ውስጥ መሮጥ ችሏል። የጉግል ክሮም ባለሙያዎች ያወጡት ስኩሽ ፎቶን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይረው በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ጉልበት ነው። ኢቫን ኩትስኪር የሠራው ፎቶፒያም እንደዚሁ የፎቶሾፕን፣ የጊምፕን፣ ከዚያም አልፎ የኮረልድሮውን ፋይል ሳይሰቅል ይከፍታል። ኮረልድሮው የታፔላና የባነር ሠራተኞች ዋና መሣሪያ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደንበኛ የድርጅቱን ዓርማ በኮረልድሮው ፋይል ብቻ ይዞ ሲመጣ ፕሮግራሙን ያልገዛ ሰውም ሊያየው ይችላል። አንድ ድረ ገጽ በእርግጥ እዚያው እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ሙከራው ቀላል ነው። ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ፋይሉን መስጠት ነው። ከቀየረው ፋይሉ የትም አልሄደም።

እስካሁን የተነሡት ሁሉ ለዓለም የጋራ ናቸው። የአማርኛ ሰነድ ግን ከነዚህ ሁሉ የባሰ የራሱ ጣጣ አለው፤ የታወቁት መቀየሪያዎችም የሚሸነፉት እዚህ ነው።

በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ሲጀመር አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለኮምፒውተሩ የውስጥ ትእዛዝ የተያዙት ሲቀነሱ የሚቀረው ያንሳል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሠላሳ ሦስቱ ከነሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ናቸው። ቋ፣ ኳ፣ ጓ የመሳሰሉት ዲቃሎች፣ ሃያዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ ሲጨመሩ አልበቃም አለ። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፤ አንዳንዱ ግንዱን አንድ ቦታ፣ ቅጥያውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ በጽሑፍ ጊዜ ገጣጠማቸው። ሁሉም የተጠቀሙት ለእንግሊዝኛና ለአውሮፓ ፊደላት የተመደቡትን ቁጥሮች ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አመዳደብ ያዙ፤ በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። በዚህ ላይ የአገሪቱ ቢሮክራሲ፣ ፍርድ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ማተሚያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው፤ በጊዜው 345 ምልክቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም መሣሪያ 4608 ቁጥር፣ «ለ» 4616 ናት። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ከተባለው ፎንት ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲደርስ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ መታየት ጀመረ። የድሮዎቹ ሶፍትዌሮችም በኋላ እትሞቻቸው የዩኒኮድ ፎንት ጨመሩ። ቢሆንም ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ የለመዱትን የፊደል ገበታ ሳይተዉ በአሮጌው ፎንት መጻፍ የቀጠሉ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ነበሩ።

እንግዲህ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ለአንድ ታዋቂ መቀየሪያ ድረ ገጽ ሲሰጥ ምን ይሆናል? ጀርመን ወይም እንግሊዝ ያለው ሰርቨር ፓወር ግዕዝ የለውም። ቁጥሮቹን ሲያነብ የሚታዩት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ጭረትና ነጥብ የበዛባቸው የአውሮፓ ፊደላት ናቸው፤ እነሱኑ ባገኘው የላቲን ፎንት አትሞ ፒዲኤፍ አድርጎ ይልካል። በሱ በኩል ስሕተት የለም። ፎርማቱን በትክክል ቀይሯል፤ አማርኛው ግን መጀመሪያውኑ ፋይሉ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው ፎንቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው አምስት ድረ ገጽ ሞክሮ አምስቱም «አበላሹት» የሚለው።

አንድ ሰነድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ አሮጌ ፎንት ነው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ዎርድ የፎንቱን ስም ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ያሳያል፤ ያ ስም ተመዝግቦ መያዝ ያለበት ቁልፍ ነው፣ ትክክለኛውን መቀየሪያ ለመምረጥ የሚያስፈልገው እሱ ነውና።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ መቀየሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀላሎቹ ጽሑፉን ቀድተው በሳጥን ውስጥ ሲለጥፉት ዩኒኮድ አድርገው የሚመልሱ ገጾች ናቸው። ለአጭር ደብዳቤ ይበቃሉ፤ ለመጽሐፍ ግን አደጋ አላቸው። በአማርኛው መሐል የእንግሊዝኛ ስም ወይም አድራሻ ካለ ሳጥኑ የቱ እንግሊዝኛ፣ የቱ አማርኛ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ፎንቱ በመለጠፍ ጊዜ ወድቋልና። እንግሊዝኛውንም ወደ ግዕዝ ፊደል ይፈጨዋል። ሁለተኛው ዓይነት የዎርዱን ፋይል ራሱን ከፍቶ የእያንዳንዱን ቃል ፎንት እያየ የሚቀይር ነው። የግዕዝን ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ በማስገባት ሥራ ስሙ የሚነሣው ዳንኤል ያዕቆብ ያለበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እንዲህ ያለ መቀየሪያ በነጻ አውጥቷል። በታይምስ ኒው ሮማን የተጻፈውን አይነካም፤ በአሮጌው የግዕዝ ፎንት የተጻፈውን ብቻ ይለውጣል፤ ድምቀቱና አንቀጹም በቦታው ይቀራል።

እጅ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለታሸገ ገጹ ለዓይን እንከን የለውም፤ ሲቀዳ ግን ያው ዝብርቅርቅ ነው፤ ወደ ዎርድ ሲቀየርም ዝብርቅርቁ ይከተላል። በስካነር የተነሣ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ ደግሞ ዝብርቅርቅ እንኳ የለውም፤ ፎቶ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚሻለው ገጹን በምስልነቱ ፊደል ለቃሚ ለሆነ ፕሮግራም መስጠት ነው። ነጻው ቴሰራክት የአማርኛና የትግርኛ ሞዴል አለው፤ በጉግል ድራይቭ ላይ ያለን ምስል በጉግል ዶክስ መክፈትም አማርኛውን ያነባል። ያለ እርማት ግን አይሆንም። ኅትመቱ የደበዘዘ ከሆነ «ሰ» እና «ስ»፣ «ነ» እና «ኀ» ይደበላለቃሉ፤ የግዕዝ ቁጥሮች በቅርጽ ወደሚመስሏቸው ፊደላት ይዞራሉ።

ዩኒኮድ መሆኑ ለውበት አይደለም። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ውስጥ «ውርስ» የሚለውን ቃል ኮምፒውተሩ ፈልጎ አያገኝም፤ ጉግልም አያውቀውም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብቡት ፕሮግራሞችም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትን ይቆጥራሉ። አንድ ቢሮ በሺህ የሚቆጠሩ የቆዩ ደብዳቤዎች በኮምፒውተሩ ላይ ኖረውት፣ አንዱን ለማግኘት ግን መዝገብ ቤት ወርዶ ወረቀቱን የሚያገላብጠው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ፎንት ደግሞ ማንም መቀየሪያ ያልሠራለት ይሆናል። አንድ ማተሚያ ቤት ለራሱ ያሠራው፣ ባለቤቱም ፎንቱም የጠፋ። በዚህን ጊዜም መንገድ አለ፤ ከፋይሉ ጋር የታተመው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ካለ። የመጽሐፉን ሦስትና አራት ገጽ ከፋይሉ ዝብርቅርቅ ጎን ለጎን አድርጎ፣ በታተመው «መ» ባለበት ቦታ ሁሉ ፋይሉ የትኛውን ምልክት እንደያዘ እየጻፉ ሰንጠረዥ ማውጣት ነው። ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት በነጻ የሚያድለው ቴክኪት እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ተቀብሎ ሙሉውን ጽሑፍ ይቀይራል። በብዛት የሚመላለሱት ፊደላት በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይሞላሉ። እንደ «ጿ»፣ «ፏ»፣ «ኈ» ያሉት ግን ብርቅ ስለሆኑ ባዶ ይቀራሉ፤ እነሱን ለማግኘት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ያስፈልጋል።